ሰባ አንድ ለዜሮ

ሰር ኦብሪ ካልድኮት የሰደበኝ ኖቬምበር 24 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቦታው የምክር ቤቱ አባላት ሻይ ቤት፣ ከመስኮቱ ሦስተኛው ጠረጴዛ። ከእሱ ጋር ሁለት የፓርቲው ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ቀጭን መነጽራም፣ ሌላው ክራቫቱ ላይ የሾርባ ጠብታ የማይጠፋው። እኔ ሻዬንና ቅቤ የተቀባ ዳቦዬን በትሪ ይዤ ከምሰሶው ጀርባ አልፍ ነበር። ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም።

«ያ ስታዘርስ የሚሉት ሰውዬ ንግግር ሲያነብ ሰምታችሁታል?» አለ። «ዓሣ በልቶ እሾህ እሾሁን የሚተፋ ነው የሚመስለው።»

መነጽራሙ ትን እስኪለው ሳቀ። ባለ ክራቫቱ ዞር ሲል አየኝ፤ አይቶኝም ሳቀ። እኔ ትሪዬን ይዤ ወደ ወገኖቼ ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሻዩ እዚያው ቀዘቀዘ። የምመልሰው መልስ የመጣልኝ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደረጃ ስወርድ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚሰማኝ ዘበኛው ብቻ ነበር።

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ይረሳዋል ይላሉ። የተናገረው ይረሳው ይሆናል። እኔ በአሥር ዓመቴ መምህር ሃርከር ሌሎቹ ልጆች ሲያነቡ እኔን የከሰል ባልዲ እንድሞላ ይልከኝ እንደነበር አልረሳሁም፤ ያኔ የለበሰውን ኮት ቀለም ጭምር አስታውሳለሁ። በአሥራ አራት ዓመቴ ትምህርቱን ትቼ መርከብ ላይ ወጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰሜን ባሕር ላይ ዓሣ ሳጠምድ ኖርኩ፤ ከዚያ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ ሆንኩ፤ ከዚያ የወደባችን ሰው መርጦ ሎንዶን ምክር ቤት ላከኝ። በዚያ ቤት ከወረቀት ማንበብ ነውር ነው። ሰዎቹ እጃቸውን ኪስ ከትተው፣ ጣሪያውን እያዩ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይደናቀፉ ያወራሉ። እኔ ግን ወረቀቴን ካልያዝኩ ቃሉ ይበተንብኛል። ይኼው ነው ጥፋቴ።

በዚያው ዓመት ዕጣ ወጥቶልኝ ነበር። ሚኒስትር ያልሆነ ተራ አባል የራሱን ሕግ ማቅረብ የሚችለው በዕጣ ነው። አራተኛ ወጣሁ። አራተኛ ማለት አንድ ሙሉ ዓርብ የአንተ ነው ማለት ነው፤ የእኔ ፌብሩዋሪ 10 ሆነ። ምን ሕግ እንደማቀርብ ለማሰብ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ከሁለት ክረምት በፊት «ኮንስታንስ ሜይ» የምትባል መርከብ ከወደባችን ወጥታ አልተመለሰችም። ስድስት ሰው ነበረባት። አንዱ ሃሮልድ ብሌንኪን ነው፤ እኔና እሱ ዘጠኝ ዓመት በአንድ መርከብ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ተኝተናል። ማዕበሉ በጎን መትቶ ሲገለብጣት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም ይላሉ። በኋላ ጠላቂዎች ወርደው ሲያዩ የነፍስ አድን ታንኳዋ እንደታሰረች ቦታዋ ላይ ተገኘች። ገመዱን የሚፈታ ሰው ጊዜ አላገኘም። ውሃ ሲጫነው በራሱ የሚፈታ መያዣ አለ፤ ከጡጫ አይበልጥም፤ መርከቧ ስትሰጥም ታንኳዋን ይለቃታል፣ እሷም ተነፍታ ወደ ላይ ትወጣለች። ትልልቆቹ መርከቦች አላቸው። ትንንሾቹ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ ግን አልነበረም፤ ባለመርከቦቹም ካልተገደዱ አይገዙም። የእኔ ረቂቅ ሁለት ገጽ ነበር፤ ይኼንኑ ነው የሚለው።

የሃሮልድ ሚስት ኤድና ረቂቁን ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቃል በቃል አነበበችው። ታናሽ ወንድሟ ሌስ እንደ ኮንስታንስ ሜይ ባለች መርከብ ይሠራል። «ዋልተር፣ እኔ ለሃሮልድ የማደርገው ነገር የለም» አለችኝ። «ለሌስ ግን ይድረስለት።» እኔም ይደርሳል አልኳት። ቃል ሰጠሁ።

ዓርብ ቀን ግን ተንኮል አለው። ሐሙስ ማታ አባላቱ ሁሉ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየመራጮቻቸው ባቡር ይሳፈራሉ፤ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ረቂቅህ ላይ ክርክሩ ስምንት ሰዓት ተኩል ድረስ ካላለቀ ሞተ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ክርክሩ ይዘጋና ድምፅ ይሰጥ ብለህ መጠየቅ ትችላለህ፤ ግን አንድም ሰው ከተቃወመ የሚደግፍህ መቶ ሰው በአካል መገኘት አለበት። ዘጠና ዘጠኝ አይሆንም። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየኮሪደሩ ስለምን ኖርኩ። መለመን የማልወድ ሰው ነኝ። አንዱ የልጁ ልደት ነው ይለኛል፣ አንዱ ጥርሱን ሊነቀል ነው። ቢሆንም የመቶ አሥራ ስምንት ሰው ስም በማስታወሻዬ ላይ ሰፈረ። ሁሉም ዓርብ እንቀራለን ብለው ቃል ሰጡኝ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 8፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ፣ ጥላ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ። ቀና ስል ሰር ኦብሪ ነው። በዚያ ሻይ ቤት የእኛ ወገን አንድ ጥግ ይቀመጣል፣ የእነሱ ሌላ ጥግ፤ መሐሉን የሚሻገር የለም። እሱ ተሻግሮ መጣ። ቁመቱ ሎጋ፣ ጸጉሩ ብር የመሰለ፣ እጁ ለስላሳ።

«ስታዘርስ ወዳጄ፣ ብቀመጥ ቅር ይልሃል?» አለኝ።

ተቀመጠ። የሻዩን ማንቆርቆሪያ አንስቶ ቀዳልኝ። መጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለራሱ። የወገኖቼ ዓይን ሁሉ እኛ ላይ ነበር። ረቂቄን ሁለቴ እንዳነበበው ነገረኝ። አያቱ በወጣትነታቸው መርከብ ሰጥሞባቸው በመቅዘፊያ ተንጠልጥለው እንደተረፉ አጫወተኝ። የኮንስታንስ ሜይን ሰዎች ስም ሳይሳሳት ጠራልኝ፤ ስድስቱንም። ይኼ ሰውዬ በኖቬምበር ምን እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ እሱ እንደማውቅ አያውቅም። ጽዋውን ይዤ «ልንገረው፣ አልንገረው» እላለሁ።

«በእኛ ወገን አንድ ክፉ ቃል የሚናገርበት ሰው የለም» አለ። «ሚኒስትሩም ቢሆን። በምክር ቤቱ በሁሉም ወገን መግባባት አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከፓርቲ በላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፤ መቶ ሰው አሰልፈህ ልትመጣ ነው ሲሉ ሰማሁ። የእኛዎቹ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል። ቃላችንን የማታምን ያስመስልብሃል። ልቀቃቸው፤ ሄደው ሚስቶቻቸውን ይዩ። እኔ ራሴ ተነሥቼ እደግፍሃለሁ።»

ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት።

ደስ አለኝ። ውሸት አልናገርም፤ ደስ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በዓሣ ዘይት የተነከረ እጄን ያ ሰው፣ ሁሉም እያየ፣ ጨበጠው። ለካ የሰደበኝን ሰው ይቅር ለማለት አንድ ጽዋ ሻይ ይበቃኝ ኖሯል። እዚያው ደጋፊዎቼን ልለቃቸው ልቤ ቆረጠ።

ከሻይ ቤቱ ስወጣ ኮሪደር ላይ ኢድሪስ ጌቲን ያዘኝ። ኢድሪስ የእኛው ወገን ነው፤ ዌልስ ውስጥ የከሰል ማዕድን ሲቆፍር ኖሮ ሳንባውን አቧራ የበላው፣ በዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ ሽማግሌ። ሦስት እርምጃ ሄዶ ያርፋል።

«አንተ ልጅ፣ ካልድኮት ሻይ ቀዳልህ አሉ» አለኝ። ልጅ ይለኛል፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

«ቀዳልኝ፤ ምን ይጠበስ?»

«ስኳርስ ስንት አደረገልህ?»

የተባባልነውን ነገርኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። የራሱን ሕግ፣ የቆፋሪዎችን የሳንባ ሕመም የሚመለከተውን፣ ያሳለፈ ዕለት ሌባ ተብሎ፣ ኮሚኒስት ተብሎ፣ አንዱም የተጠቀለለ ወረቀት ግንባሩ ላይ ወርውሮበት እንደነበር አወራኝ።

«አለፈ ግን» አለ። «ስድብ ሲኖር ሰው ወይ ከአንተ ጋር ይቆማል ወይ ከእነሱ ጋር፤ ቤቱም ይሞላል። ሁሉም ሲያሞግስህ ግን ማን ባቡሩን ትቶ ይቀራል? ሰዎችህን አትልቀቅ፣ ዋልተር። እጅህን ስሜ ልለምንህ?»

ልክ ነበር። ግን በኢድሪስም ላይ የቆየ ቂም አለኝ። የመጀመሪያ ንግግሬን ጽፌ እንዲያይልኝ የሰጠሁት ቀን፣ ሦስት ጸሐፊ ሴቶች ባሉበት «ይኼን ማን ጻፈልህ፣ ቄስህ?» ብሎ አስቆብኛል። ኤፕሪል ነበር፣ ማክሰኞ። ስለዚህ ያን ቀን ሲመክረኝ ጆሮዬ የሰማው ምክሩን አይደለም፤ ያቺን ሳቅ ነው። እኔ ሰው የሚያከብረኝ መሆኔ አናዶት ነው አልኩ በልቤ። «አስብበታለሁ» ብዬው ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት መቶ አሥራ ስምንት ማስታወሻ ጻፍኩ። በገዛ እጄ። «በምክር ቤቱ በሁሉም ወገን መግባባት ስላለ ዓርብ መቅረትዎ አያስፈልግም፤ ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል። ቃሉ ጣፈጠኝ። በየአንዳንዱ ወረቀት ላይ ስጽፈው የራሴ ቃል እየመሰለኝ ሄደ። ቀትር ላይ ለበረኞቹ ሰጥቼ አስታደልኩ። ማታ ባቡር ጣቢያው በእነዚያ ሰዎች ተሞልቶ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ዓርብ ኤድና ከወደባችን በመጀመሪያው ባቡር መጣች። የጎረቤቷን ባርኔጣ ተውሳለች፤ ሰማያዊ፣ ትንሽ ላባ ያላት። ከላይ ከተመልካቹ ሰገነት ፊተኛው መደዳ ላይ ተቀመጠች። እኔ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ከወረቀቴ አነበብኩ፤ አርባ ደቂቃ ያህል። አንድም ሰው አልሳቀም። የሃሮልድን ስም ስጠራ ከእነሱ ወገን እንኳ «ይበል፣ ይበል» የሚል ድምፅ ተሰማ። ስቀመጥ ቀና ብዬ ኤድናን አየኋት፣ እሷም በእጅ ጓንቷ አፏን ይዛለች።

ከዚያ ሙገሳው ጀመረ።

መጀመሪያ የተነሣው የእነሱ ሰው የምክር ቤቱን ጊዜ እንደማይወስድ ተናግሮ ሃያ አምስት ደቂቃ ወሰደ። እንዲህ ያለ ረቂቅ ይህን ቤት የሚያስከብር መሆኑን፣ ያቀረቡት የተከበሩ አባል ከልብ ሊመሰገኑ እንደሚገባ፣ እሱም በዚህ ምስጋና ላይ የራሱን ትንሽ ድምፅ መጨመር እንደሚፈልግ አተተ። ሁለተኛው የፊተኛው ንግግር ልብ እንደሚነካ ገልጾ እያንዳንዱን ነጥብ እየደገመ አመሰገነው። ሦስተኛው ባሕር ከማይታይበት አገር የተመረጠ ነው፤ መራጮቼ ባሕር ባያዩም ዓሣ ይበላሉ አለና ስለ ዓሣ አጠባበስ ገባ። ከእኛም ወገን ሁለቱ ሳያውቁ ገቡበት፤ ከወዲያ ማዶ የመጣውን መልካም መንፈስ አደነቁ፣ ሲያደንቁም ግማሽ ሰዓት ሄደ። እኔ እያንዳንዱ ሲናገር አንገቴን ዝቅ እያደረግሁ አመሰግን ነበር። እንደ ሙሽራ።

ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሰር ኦብሪ ተነሣ። አንድም ወረቀት አልያዘም።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ» አለ። «የተከበሩ ወዳጄ፣ ከወዲያ ማዶ ቢቀመጡም ወዳጄ ብላቸው እንደሚፈቅዱልኝ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ዛሬ ለዚህ ቤት ታላቅ ውለታ ውለዋል።»

ወዳጄ የሚባለው የራስ ፓርቲ ሰው ብቻ ነው። የወዲያኛው ወገን ሰው «የተከበሩ አባል» ነው፤ በቃ። ወሰኑን ተሻግሮ ወዳጅ ማለት በዚያ ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ በዓመት አንዴ ቢሰማ ነው። አዳራሹ «ይበል፣ ይበል» አለ። ፊቴ ጋለ።

ከኖኅ መርከብ ጀመረ። ስለ አያቱ ተናገረ። ስለ ገመድ ዓይነቶች ተናገረ። የእሱ ወገን ሰዎች በየአምስት ደቂቃው ይነሣሉ፤ ክቡር ወዳጄ ለአፍታ ዕድል ቢሰጡኝ ይላሉ፣ እሱም በደስታ ብሎ ይቀመጣል፣ እነሱ ንግግሩን ያመሰግኑለታል፣ ተነሥቶ ምስጋናውን ያመሰግናል። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። አንድም ጊዜ ረቂቁን የሚነቅፍ ቃል አልወጣውም። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ፈገግ ብዬ ነበር የሰማሁት። ይኼን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ።

ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ኢድሪስ ከበሩ በኩል እያረፈ እያረፈ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዓርብ ወደ ሐኪሙ የሚሄድበት ቀን ነበር፤ ትቶት ቀርቷል።

«ሰዓቱን እየው» አለኝ በሹክሹክታ።

አየሁት።

«ሊጨርስ ነው እኮ» አልኩት። «ድጋፌን እሰጣለሁ ብሏል።»

«እየሰጠህ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ድረስ ይሰጥሃል። ተነሥና ክርክሩ ይዘጋ በል።»

«መቶ ሰው የለኝም።»

«ማንም ካልተቃወመ መቶ ሰው አያስፈልግም። ሁሉም ወዳጅህ አይደል? ተነሥና እንየው።»

ስምንት ሰዓት ሲሞላ ተነሣሁ። ክርክሩ ተዘግቶ ድምፅ ይሰጥበት አልኩ። ወንበሩ ላይ የነበሩት ምክትል አፈ ጉባኤ ተቀበሉኝ። የሚደግፉ ሲሉ አዳራሹ በአንድ ድምፅ አስተጋባ። የሚቃወሙ ሲሉ ጸጥ አለ። አንድ ትንፋሽ ያህል ዳንኩ ብዬ ነበር። ከዚያ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ሁለት ድምፅ «እንቃወማለን» አሉ። በጣም በትሕትና። ዞሬ ሳይ ሁለቱም ቀድሞ አይቻቸው የማላውቅ ጎልማሶች ናቸው፤ የፓርቲያቸው ተጠሪ የላካቸው።

ደወሉ ተደወለ። ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነው፤ የሚደግፍ በአንዱ መተላለፊያ ያልፋል፣ የሚቃወም በሌላው፣ ቆጣሪዎች በር ላይ ቆመው ይቆጥራሉ። በድጋፉ መተላለፊያ ስገባ ክንዴን የያዘኝ ሰው ነበር። ሰር ኦብሪ ነው። አዎ፤ ከእኔ ጋር ነበር ያለፈው። እንደ ወንድማማች ክንድ ለክንድ ተያይዘን በቆጣሪዎቹ ፊት አለፍን።

«ምን ዓይነት ድንቅ ቀን ነው» አለኝ።

ማዶ ያለው መተላለፊያ ባዶ ነበር። እነዚያ ሁለቱ የተቃውሞው ቆጣሪ ሆነው በሩ ላይ ቆመዋል፤ የሚቆጥሩት ሰው ግን የለም። ቆጣሪ ራሱ አይቆጠርም። ተመልሰን ስንገባ ውጤቱ ተነበበ። የደገፉ ሰባ አንድ። የተቃወሙ የለም። ከላይ ከሰገነቱ አንዲት ሴት ስታጨበጭብ ተሰማ፤ ዘበኛው ሄዶ ዝም አሰኛት። ኤድና ናት።

ምክትል አፈ ጉባኤው የደገፉት ከመቶ ስለሚያንሱ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም አሉ፤ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ወረቀታቸውን እያዩ። ከዚያም ሰር ኦብሪ ንግግራቸውን ይቀጥሉ አሉ።

ቀጠለ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር። ይህ ምክር ቤት አሁን ያሳየውን አንድነት በሃያ ዓመት አገልግሎቱ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። አንድ የተቃውሞ ድምፅ እንኳ ያልተሰማበት መሆኑን ለታሪክ መመዝገብ እንዳለበት አሳሰበ። በዚህ ረገድ ከተከበሩ ወዳጄ የምንማረው ብዙ ነው ሲል የሰዓቱ ዘንግ ስምንት ተኩል ላይ አረፈ። «ሥርዓት! ሰዓቱ አልቋል» አሉ ምክትል አፈ ጉባኤው። ሰር ኦብሪ ቃሉን አጋማሽ ላይ አቁሞ ለወንበሩ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ።

ከወንበሩ ፊት የሚቀመጠው ጸሐፊ ጎንበስ ብሎ ክርክሩ የሚቀጥልበትን ቀን እንድጠራ ጠየቀኝ። ማንኛውንም ዓርብ ይጥሩ አለኝ። ሜይ 4 አልኩ። ጻፈው።

«ሜይ 4 ላይ በተራ ስንተኛ ነኝ?» አልኩት ኢድሪስን።

«ሰላሳ አንደኛ» አለ። «ሞቷል፣ ዋልተር። ሰላሳ አንደኛ ጋ የሚደርስ ዓርብ የለም።» እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። «ነግሬህ ነበር» አላለኝም። ቢል ይሻለኝ ነበር።

እዚያው ወንበር ላይ ቆየሁ። ሰዎቹ ሲወጡ አንዳንዶቹ ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉኝ ነበር፤ ግሩም ክርክር፣ ይሉኛል፣ ቤቱን ያኮራ። ነገ የሚታተመው መዝገብ ሁሉንም ቃል በቃል ይይዛል። አንድ ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ ቢያነበው ይኼ ረቂቅ እንዴት ሕግ እንዳልሆነ ሊገባው አይችልም። ክፉ የተናገረ የለም። የተቃወመ የለም። ነፍሰ ገዳይ የሌለበት ሬሳ ነው። ደጋፊዎቹን ወደ ቤታቸው የሰደደ አንድ ሰው ግን አለ፤ የእጅ ጽሑፉም መቶ አሥራ ስምንት ቦታ ይገኛል።

ወደ ማእከላዊው አዳራሽ ስወጣ ኤድና ከሰገነቱ ወርዳ ትጠብቀኝ ነበር። ያ አዳራሽ ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ድምፅ ወደ ላይ ይሄድና ይጠፋል። ባርኔጣዋ ትንሽ ዞራባታለች። ከሩቅ ስታየኝ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ሰባ አንድ ለዜሮ!» አለች። «ዋልተር፣ ዜሮ! እንዲህ ይሆናል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። ሃሮልድ ይኼን ሰምቶ ቢሆን።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ስለ መቶ ሰው ልጀምር? ስለ ሻዩ? ከጣቢያው ስልክ ደውላ ለኮንስታንስ ሜይ ሰዎች ሚስቶች ሁሉ እንደምትነግራቸው አወራችኝ። ሌስ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ እንደሚወጣ፣ ዘንድሮ ክረምቱ ክፉ እንደሆነ፣ ግን አሁን ከዚህ በኋላ ባለመርከቡ መያዣውን መግዛት ግድ ስለሚሆንበት ቢያንስ ከሚቀጥለው ጉዞ ጀምሮ እንቅልፍ እንደምትተኛ ነገረችኝ። ከመቼ ጀምሮ ይሠራል፣ አለችኝ።

በዚህ መሐል ሰር ኦብሪ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ መጣ። ወደ መውጫው ነበር የሚሄደው። አየንና መንገዱን ወደ እኛ አዞረ፤ ምን አስጨነቀው። ባርኔጣውን አነሣላት።

«ሚስዝ ብሌንኪን ይመስሉኛል» አላት። «ባለቤትዎ ጀግና ሰው እንደነበሩ ዛሬ ቤቱ ሁሉ ሰምቷል።»

ኤድና እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ፊቷ እንባ በእንባ ሆነ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ ጌታዬ አለችው፤ እንደ እርስዎ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይደክምዎ ለእኛ ለማያውቁን ሰዎች ቆመው ተናገሩልን፤ ስሞትም አልረሳውም። እሱ እጁን አልነጠቀም። ጎንበስ ብሎ በትዕግሥት አዳመጣት። ዓይኑ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ መጣ። ያልነገርኳት መሆኑን ያን ጊዜ አወቀ። እውነቱን ለሴትየዋ መንገር የእሱ ዕዳ እንዳልሆነም አወቀ።

«የእኔ ድርሻ ትንሽ ነው» አላት። «ምስጋናው የሚገባው ለወዳጄ ለስታዘርስ ነው። ሥራው የእሱ ነው።»

ከዚያም እጁን ለእኔ ዘረጋ።

ኤድና ዞር ብላ አየችኝ። እየሳቀች ታለቅሳለች። ክንዴን ጎተት አደረገችኝ።

«ምነው ዋልተር፣ ዱዳ ሆንክ?» አለች። «ጌታውን አመስግናቸው እንጂ።»

የተዘረጋውን እጅ አየሁት። ኤድናን አየኋት። ክንዴን ከእጇ ቀስ ብዬ አላቅቄ፣ ወረቀቴን ብብቴ ሥር ይዤ፣ በረጅሙ ኮሪደር ወደ በሩ ሄድኩ። ከኋላዬ ሁለቴ በስሜ ጠራችኝ።